እማማ ዘይነብ አላስነካም ያሉት ቺፕ

ስሜ ትዕግስት ነው። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ሳያውቀኝ ነው እያሉ የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቁብኛል። ቸኩዬ እናገራለሁ፣ ቸኩዬ እሠራለሁ፣ ሰው ሲያስረዳኝ ግማሹን ሳልሰማ «ገባኝ» እላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካላወቃችሁ የሆነው ነገር ስለማይገባችሁ ነው።

የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት ክፍል ከሰይድ ጋር ተከራይተን የፋብሪካ ማሽኖችን የሚቆጣጠሩ ቦርዶች እንጠግናለን፣ ሲቀናንም አዲስ እንሠራለን። እንሠራ ነበር ልበል። ብየዳውና ሽቦው የኔ ሲሆን ቺፑ ውስጥ የሚገባው ፕሮግራም የሰይድ ነበር። «አንቺ ገላውን፣ እኔ ነፍሱን» ይልና ወዲያው ደንግጦ «አስተግፊሩላህ» ብሎ አፉን ይይዛል።

ለትንሽ ቺፕ ፕሮግራም መሥራት ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰው የጻፈውን ቺፑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው አጋዦች አሉት፣ አጋዦቹም እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። አንዱ ሲታደስ ሌላው ያኮርፋል፣ ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም። ሰይድ በዚህ ተማሮ ሁሉንም በአንድ ዝግ ሳጥን ውስጥ ሰበሰባቸው። ኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ፣ በእጅ የማይዳሰስ ሳጥን ነው፤ የሙያው ሰዎች ኮንቴይነር ይሉታል። ኮምፒዩተሩ ቢታደስም ሳጥኑ ውስጥ ያለው እንደነበረ ይቆያል። ሳጥኑን ከባዶ ለመሥራት የሚያገለግል «ይህን አምጣ፣ ያን ጨምር» የሚል አጭር መመሪያም አለው። ኮምቦልቻ ላይ ኮንቴይነር ሲባል ሰው የሚያስበው ደረቅ ወደቡን ስለሆነ፣ የሰይድ እናት እማማ ዘይነብ ልጃቸው ከጅቡቲ ዕቃ ማስመጣት የጀመረ መስሏቸው ለጎረቤት ሁሉ አውርተው ነበር። ሰይድ ይህን ባወራ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳል።

እማማ ዘይነብ ሳንባቸው የተጎዳ ሰው ነበሩ። ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ስር ባለው ቤታቸው፣ አፍንጫቸው ላይ ካለው ቀጭን ቱቦ ውጪ ብዙ አይቆዩም። ቱቦው ከኦክስጅን ማሽን ይመጣል፣ ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው፣ የኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሰይድ ለእናቱ አንድ ቦርድ ሠራላቸው። ቦርዱ ሁለት ሥራ ነበረው። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ወደ ባትሪ ያዞራል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ደግሞ፣ በሽተኛዋን ሆስፒታል ለማድረስ ጊዜ እንዲኖር፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ይጮሃል።

ሰይድ ባለፈው ክረምት ሞተ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የተሳፈረባት ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ተገለበጠች። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከወራት በኋላ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ሁሴን ደወለልኝ። ሁሴን ደሴ ላይ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ፣ እናቱን የሚጦር፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

«ትዕግስት፣ የናቴ ባትሪ ሞተ። አዲስ ገዝቼ አስገባሁ። መብራት ሲሄድ ግን ማሽኑ ትንሽ ይነሳና ድርግም ይላል።»

«ምን ዓይነት ባትሪ ነው የገዛኸው?»

«ገበያ ያለውን ነዋ። የአሲዱን።»

ገባኝ፤ በዚህ ጊዜ እንኳ በእውነት ገብቶኝ ነበር። ሰይድ ያስገባው ባትሪ እዚህ ገበያ የማይገኘው ሊቲየም ነበር፤ የሁለቱ ባትሪዎች ጉልበት የሚለካበት ቁጥር ይለያያል። ቦርዱ አዲሱን ባትሪ በድሮው ቁጥር ሲለካው ያለቀ ይመስለውና ባትሪው እንዳይበላሽ ብሎ ማሽኑን ያጠፋዋል። አንድ ቁጥር ቀይሮ ፕሮግራሙን እንደገና መሥራትና ቺፑ ላይ መጻፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እስከዚያው ቦርዱን አልፈው የማሽኑን ሶኬት በእጃቸው ወደ ባትሪው እንዲያዞሩ ለሁሴን ነገርኩትና ወደ ደሴ ወጣሁ።

እማማ ዘይነብ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ሙሰበሃቸውን ይቆጥሩ ነበር።

«ነይ ልጄ፣ ነይ። የሰይዴ ጓደኛ» አሉኝ።

«እንዴት ሰነበቱ እማማ?»

«አልሀምዱሊላህ። ላለሁበት አልሀምዱሊላህ።» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «መብራት ሲሄድ፣ ያ ዕቃ ቀጭ ይላል። ያኔ ሰይዴ ደረሰልኝ እላለሁ። አሁንም ቀጭ ይላል፣ ግን ትቶኝ ይሄዳል። ምን አስቀየምኩት?»

«ምንም አላስቀየሙትም። አንድ ቁጥር ነው። ነገ አስተካክዬ እመጣለሁ።»

«አላህ ይስጥሽ። አብሽሪ፣ ቀስ ብለሽ ሥሪው።»

ነገ አልኩ። ሰው አፉን ሞልቶ ነገ ሲል ሰማይ ላይ የሚሰማው ካለ ይስቅ ይሆናል።

ኮምቦልቻ ተመልሼ የሰይድን ሥራ የያዘውን ፍላሽ ከፈትኩ። ጽሑፉ አለ። ቁጥሩን ቀየርኩ። ከዚያ ሳጥኑን ለማስነሳት ስሞክር ፍላሹ ላይ ያለው ሳጥኑ ሳይሆን የሳጥኑ መመሪያ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። መመሪያው ደግሞ ሁሉንም ከኢንተርኔት አምጣ ይላል። በዚያ ሰሞን በእኛ በኩል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼን ዝግጁ የመብራትና የባትሪ መቀያየሪያ ገዝተው እንዲልኩልኝ በስልክ ለመንኳቸው፤ ላኩትም፣ ግን መንገዱ በሚዘጋበት ሳምንት ስለነበር ዕቃው መኪና ላይ ተጭኖ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ማሽናቸውን ከምጠግንላቸው ፋብሪካዎች አንዱ የራሱ የኢንተርኔት መስመር እንዳለው ሰምቼ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ታሪኩን ሲሰማ ቢሮውን ለቀቀልኝ። ሳጥኑ እያዘገመ፣ እየተቆረጠ፣ እንደገና እየጀመረ፣ ከሰዓት ላይ ሞላ። ፕሮግራሙን ሠራሁ። ክፍላችን ገብቼ ለሥራችን መሞከሪያ የምንጠቀምበት አሮጌ ቦርድ ላይ አስገባሁትና መብራቱን ነቀልኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ማዞሪያው አንድ ቦታ አልቆም አለ። ከመብራት ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ መብራት ይመላለሳል። በዚህ ዓይነት የኦክስጅን ማሽን ይቅርና አምፖልም አይበራም።

ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ስህተት የለበትም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰይድ ቦርዱን ሲሠራ ከአጋዦቹ አንዱ ጉድለት እንዳለበት አግኝቶ ሁለት ቀን ተበሳጭቶ ነበር። በመጨረሻ «ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ በእጄ አስተካከልኩት፣ መመሪያው ላይ በኋላ እጽፈዋለሁ» አለኝ። በኋላ የሚባለው ቀን አልደረሰለትም። የተስተካከለው ሳጥን ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም የሰይድ ላፕቶፕ ውስጥ።

ለሁሴን ደወልኩ።

«የሰይድ ላፕቶፕ የት ነው ያለው?»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ደግሜ ጠራሁት።

«ነይና እናውራ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደሴ ስደርስ ወደ ቤት አላስገባኝም። በር ላይ ጠብቆ መኪናው ውስጥ አስገባኝ።

«ተሰጥቷል» አለ። «ልብሱም፣ ጫማውም፣ ላፕቶፑም። እናቴ ለሰደቃ ሰጠችው። ኩታበር ያለች አስተማሪ ዘንድ ነው።»

ሰደቃ ለሟች ነፍስ ተብሎ የሚሰጥ ስጦታ ነው። የሟች ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ከሚቀመጥ ለሚጠቅመው ሰው ቢሰጥ ለሟቹ ይደርሰዋል ይላሉ። እኔ የክርስቲያን ልጅ ብሆንም ደሴ ያደግሁ ነኝና ይህ አልገረመኝም። «ኩታበር ቅርብ ነው፣ እንሂድ» አልኩት። ሁሴን መኪናውን አስነሳ።

ቦሩ ሜዳን ስናልፍ መንገዱን እያየ ተናገረ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ከመስጠታችን በፊት አስጠፍተነዋል።»

«ምኑን?»

«ውስጡ ያለውን። እናቴ ናት ያዘዘችኝ። የሞተ ሰው ገመና አይታይም አለች። ሬሳ እንኳ ሲታጠብ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው፣ ልጄን ገልጬ ለሰው አልሰጥም አለች። እኔም የኮምፒዩተር ሱቅ ወስጄ አንድ ነገር ሳታዩ ሙልጭ አድርጋችሁ አጥፉልኝ አልኳቸው።»

«ታዲያ ምን ልናደርግ ነው የምንሄደው?»

«እንጃ። የተረፈ ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው። ወላሂ እንጃ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በምን ልውቀሰው? እኔም ብሞት እናቴ ስልኬን እንድታገላብጥ አልፈልግም። እነሱ ያደረጉት ለሟች የሚደረገውን ደግ ነገር ነው። ደግነቱ ግን የእናቲቱን እስትንፋስ ይዞ ሄደ።

አስተማሪዋ መኪያ ትባላለች። ከትምህርት ቤት ግቢ ጎን ባለች ቤቷ ተቀበለችን። ላፕቶፑን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ነበር ያስቀመጠችው።

«ባለቤቱን ሳላውቀው ሁልጊዜ ዱዓ አደርግለታለሁ» አለች። «የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ውሰዱት። እኔ ያለሱም ነበርኩ።»

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ይዤ ሄጄ ነበር። ረጅም ሰዓት ተቀምጬ ፈለግሁ። መኪያ ምሳ አቀረበች፤ ሁሴን ለይሉኝታ ቆረስ አደረገ፣ እኔ አልነካሁትም። ያገኘሁት የሷን የተማሪዎች ውጤትና የፈተና ወረቀት ነው። ሱቁ የታዘዘውን በደንብ ፈጽሟል፣ ሙልጭ ብሏል። ሰይድ የሚባል ሰው በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ አይመስልም። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ መሞቱ የተሰማኝ፤ ሰው ፊት እንባዬ መጣ።

መኪያ ላፕቶፑን እንድንወስድ ደግማ ለመነችን።

«የለም» አላት ሁሴን። «ሰደቃ አይመለስም።»

ስንመለስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ደሴ ገብተን ከመኪናው ስወርድ «ለእናቴ እንዳትነግሪ» አለኝ። እንደማልነግር ማልኩለት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አሁን ሳስባቸው ይጨልሙብኛል። ደሴ ላይ ሁሴን፣ ሚስቱና ጎረቤቶች ተራ ገብተው ከሶኬቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። መብራት ሲሄድ አንዱ ዘሎ ሶኬቱን ወደ ባትሪው ያዞራል። ይህ ማሽኑን ያሠራዋል፣ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ግን የሚናገር የለም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ እኔ፣ የብየዳ ሰው፣ ሰይድ በሁለት ቀን ያገኘውን ጉድለት ልፈልግ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ አንብቤ አላውቅም። አንዷን መስመር ደግሜ ደጋግሜ ሳነብ «ገባኝ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይመጣና እመልሰዋለሁ። በሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት አገኘሁት። የራሴን ማስተካከያ ጻፍኩ፣ ሳጥኑን እንደገና ሠራሁ። መሞከሪያው ቦርድ ላይ መብራቱን ነቀልኩት። ቀጭ አለና ጸጥ አለ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ክፍሉን በጩኸት ሞላው። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ገባሁ። የእማማ ዘይነብን ቦርድ ፈትቼ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ገመዱን ከኮምፒዩተሬ ጋር አያያዝኩ። ሁሴን አጠገቤ ቆሟል። እሳቸው እጄን ይከተላሉ።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«አዲሱን እጽፍበታለሁ እማማ። ከዛሬ በኋላ ሶኬት መጠበቅ ቀረ።»

«የድሮውስ?»

«ይጠፋል» አልኩ። እንደ ልማዴ አፌ ከልቤ ቀድሞ።

«ሰይዴ ያስገባው?»

«አዎ፣ ግን እኮ ያው ነው፣ እሱ የጻፈውን ነው ያስተካከልኩት።»

«ያንተን ልብስ ሌላ ሰው ሰፍቶ ቢያመጣልኝ ያው ነው እልሃለሁ?» ይህን ያሉት ወደ ሁሴን ዞረው ነው። ከዚያ ወደኔ ተመለሱ። «ገልብጠሽ አታስቀምጭውም?»

«አይወጣም። ሰው እንዳይነካካው ብሎ ቆልፎታል።»

«በሌላ አድርጊው።»

«የዚህ ዓይነት ቺፕ ሌላ የለም እማማ። መሞከሪያው ላይ ያለው ከቦርዱ ጋር የተጣበቀ ነው፣ ቦርዱም አሮጌ ስለሆነ ይህን ማሽን አይችልም። አዲስ አበባም አስፈልጌ አጣሁ።»

እጃቸውን ዘርግተው ቦርዱን ነኩት።

«ላፕቶፑ ላይ ነበር እንዴ?»

እኔ ሁሴንን አየሁት። ሁሴን መሬቱን አየ። እማማ ዘይነብ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ሙሰበሃው ከእጃቸው ወርዶ ጋቢያቸው ላይ ወደቀ።

«እኔ ነኝ ያስጠፋሁት» አሉ።

«እናቴ፣ ለሱ ብለሽ ነው» አለ ሁሴን።

«ለሱ ብዬ ነው። ሳላውቅ ነው። አላህ ያውቀዋል።» የወደቀውን ሙሰበሃ አንስተው ጨበጡት። «አንዴ አስጠፋሁት። እያወቅሁ ሁለተኛ አላስጠፋውም። መልሰሽ ግጠሚው ልጄ።»

ለመንናቸው። ሁሴን እግራቸው ላይ ወደቀ። እኔ ባትሪው ሳይታወቅ ሊያልቅ እንደሚችል፣ ያለ ጩኸቱ ማንም እንደማይደርስላቸው፣ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«አንች ልጅ» አሉኝ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደሚያባብል ሰው። «እኔ መሄዴ አይቀርም። ሰይዴ ግን ሁለት ጊዜ አይሞትብኝም።»

ከሰዓት ደክሟቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሁሴን ወደ ግቢ አወጣኝ።

«አሁን ጻፊበት» አለ። «አታውቅም። ድምፁ ያው ቀጭ ነው። ሰይዴ መጣ እያለች ትኖራለች። ኃጢአቱ በኔ።»

ተመልሼ ገባሁ። ቦርዱ ጉልበቴ ላይ፣ ገመዱ ተሰክቷል። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። በሕይወቴ ሙሉ ሳላስብ የምጫን ሰው ነኝ። እሳቸው አፋቸውን ትንሽ ከፍተው ተኝተዋል፣ ቱቦው በጉንጫቸው ላይ አልፎ ይታያል። ብጽፍበት ይድናሉ ብዬ አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር «ሰይዴ ደረሰልኝ» ሲሉ፣ ሁሴንና እኔ ብቻ ሰይድ እዚያ እንደሌለ እያወቅን ልንቀመጥ ነው። አንዲት እናት የልጇን ገመና ለመሸፈን ያደረገችው ሳያንስ፣ ተኝታ ሳለ የቀራትን ከእጇ ልሰርቃት ነው። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ገመዱን ነቀልኩና ቦርዱን እንደነበረ ገጠምኩት።

ሁሴን በር ላይ ሆኖ አየኝ።

«እናቴ አንድ ነገር ከሆነች ባንቺ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ መብራት ገና በጠዋት ሄደ። ሶኬቱን ወዲያው አዞሩት፣ ማሽኑ ሠራ። ደሴ ላይ መብራት ሲሄድ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «አሁን ይመጣል»። እነሱም አሁን ይመጣል እያሉ ረፋዱ አለፈ፣ እኩለ ቀን ሆኖ የዙህር አዛን ተሰማ። ባትሪው ማንንም ሳያስጠነቅቅ አለቀ። ሆስፒታሉ አውሷቸው የነበረው የኦክስጅን ሲሊንደር ከቀናት በፊት ባዶ ሆኖ ለመሞላት ተራ እየጠበቀ ነበር። ሁሴን እናቱን አዝሎ ወደ መኪናው ሮጠ። ሆስፒታል ሲደርሱ መልሶ አዘላቸው፤ በሩን ሳያልፉ ጀርባው ላይ ያረፈው ጭንቅላታቸው ዘንበል አለ፣ ትንፋሻቸውም ቆመ። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። ሁሴን ራሱ ነግሮኝ አያውቅም።

ቀብራቸው በዚያው ቀን ሆነ። እኔ ቤት ከሴቶቹ ጋር ቀረሁ። ማሽኑ ጥግ ላይ ነበር፣ ቦርዱም ላዩ ላይ። ሊመሽ ሲል መብራት መጣና ቀጭ አለ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን ቀጠሉ፣ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እናንተ ብትሆኑስ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። ግማሹ «ሞኝ ነሽ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ቃሉ ምን ይሠራል?» ይለኛል። ግማሹ «ደግ አደረግሽ» ይላል፣ ግን ዓይኔን አያየኝም። ቄስም ሼህም ጠየቅሁ፤ ሁለቱም እንድጸልይ ነገሩኝ። እኔ ትክክል ነበርኩ አልላችሁም፣ ተሳስቼ ነበርም አልላችሁም። ሁለቱንም ለመናገር ሞክሬ ሁለቱም አፌ ውስጥ መረሩኝ። የተለወጠብኝን ግን ልንገራችሁ። ሰው ሲያስረዳኝ አሁን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፣ «በኋላ እጽፈዋለሁ» ሲለኝ «አሁን ጻፈው፣ እጠብቅሃለሁ» እላለሁ። የምሠራበት ሳጥን ሙሉ ለሙሉ፣ ከነማስተካከያው፣ ሦስት ሰው ዘንድ ተቀምጧል። ጎረቤት ሰው ሞቶበት «ኮምፒዩተሩን ምን እናድርገው?» ሲለኝ «አትቸኩሉ» እላለሁ። ይህ ምክር ከኔ አፍ ሲወጣ የሚያውቁኝ ይገረማሉ። እማማ ዘይነብን ግን አንዱም አይመልስልኝም።

ከቀብሩ ወዲህ ሁሴን ስልኬን አያነሳም ነበር። ከአርባቸው በኋላ አንድ ከሰዓት ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ የክፍላችን በር ላይ ቆመ። በእጁ የፕላስቲክ ከረጢት ይዟል። ቁጭ በል ብለው አልተቀመጠም።

«ወሲያ አለሽ» አለኝ። «ያን ቅዳሜ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው እናቴ የነገረችኝ። ተናድጄብሽ ስለነበር ደብቄሽ ነው የቆየሁት። ኑዛዜ ደግሞ ተደብቆ አያስተኛም።»

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ውስጡ ያለውን ሳላየው አወቅሁት።

«ምን አሉ?»

«እኔ እስካለሁ አይሆንም፣ ስሄድ ግን ለትዕግስት ስጣት፣ ያኔ ትጻፍበት አለች። እስትንፋስ ለቸገረው ሰው ይሁን፣ ለሰይዴ ሰደቃ ይሁንለት አለች። ደሴ ዙሪያ አንድ አዛውንት አሉ። ሆስፒታሉ ማሽን የለኝም ብሎ መልሷቸዋል። ማሽኑን ዛሬ ወስደን ልንሰጣቸው ነው። ባትሪያቸው የአሲድ ነው።»

ቦርዱን አወጣሁት። አቧራውን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት። ገመዱን ሰካሁ፣ የሠራሁትን ፕሮግራም ከፈትኩ። ሁሴን እንዳያይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ተጫንኩት። ስክሪኑ ላይ ያለው መሙያ መስመር ቀስ እያለ ሄደ፣ ሞላ።

«አለቀ?» አለ፣ ሳይዞር።

«አለቀ» አልኩት።